ሰባተኛውን ምዕራፍ ለቀቅ አድርጉት

ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የከረመ ጽሑፍ አለ። የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ካላችሁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ጸሐፊው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አባት ናቸው። ልጃቸው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» እያነበበች ነበር። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ክፉኛ ተረበሸች። አባትም ምዕራፉን ራሳቸው አነበቡት፤ ተናደዱ፤ ጻፉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ልጁ የምታነበውን አብሮ የሚያነብ ወላጅ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ ለዚህ እጅ እነሳለሁ። ያሉት ነገር ግን፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ልክ አይመስለኝም። መጽሐፉን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ነጮች ሊገቡ በተቃረቡበት ዘመን፣ በኢግቦዎች ምድር፣ ኡሙኦፊያ በሚባል ስፍራ ይጀምራል። ኦኮንኮ በትግል ስሙ የገነነ፣ ጎበዝ ገበሬ ነው። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት መንፋት የሚወድ፣ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነበር። ኦኮንኮ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸሸው እሱን መምሰልን ነው። አንድ ቀን የምባይኖ መንደር ሰዎች አንዲት የኡሙኦፊያ ሴት ይገድላሉ። ጦር እንዳይመጣባቸው አንዲት ልጃገረድና አንድ ወንድ ልጅ በካሳ ይሰጣሉ። ልጁ ኢኬሜፉና ይባላል። ኦኮንኮ ቤት ተቀመጠ፤ ሦስት ዓመት ኖረ። ኦኮንኮን «አባቴ» ይለዋል። የኦኮንኮ የበኩር ልጅ ንዎዬ ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድሙ ያየዋል። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ «ልጁ ይገደል» የሚል የአምላካቸው ቃል መጣ። ወንዶቹ «ወደ አገርህ ልንመልስህ ነው» ብለው ጫካ ወሰዱት። ከመካከላቸው አንዱ መታው። ልጁ «አባቴ፣ ገደሉኝ!» እያለ ወደ ኦኮንኮ ሮጠ። ኦኮንኮ ገጀራውን መዘዘና ጨረሰው።

የጸሐፊው ክርክር እንዲህ ነው። ምዕራፉ ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የማይገባ ጭካኔ ነው። አፍሪካዊን አረመኔ አድርጎ ያሳያል፤ ፈረንጅ የወደደውም ለዚህ ነው። ኦኮንኮ ራሱ ግን ሊወቀስ አይገባም፤ እንደ አብርሃም አምላኩን የታዘዘ ሰው ነው፤ አስተማሪዎች ናቸው በዛሬ ሚዛን የሚፈርዱበት። ምዕራፉ በአጻጻፍም የላላ ነው፤ ስለ አንበጣ መዓት ያወራል። የራሳችን መጻሕፍት እያሉ የሰው አገር መጽሐፍ ምን ያደርጋል? የግድ ከሆነም ልጆቹ ማጠቃለያውን ያንብቡ፤ ፍሬ ነገሩ አንድ ገጽ አይሞላም።

መቼም ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ አብረው እንደማይሄዱ አይታችኋል። ድርጊቱ አረመኔነት ከሆነ ኦኮንኮ ይወቀሳል። ኦኮንኮ አብርሃም ከሆነ ደግሞ አረመኔነቱ የቱ ጋ ነው? ይሁን፣ ለየብቻ ልመልስ።

ከጭካኔው ልጀምር። አዎ፣ ይከብዳል። አንዲት እርማት ግን አለችኝ። ጸሐፊው «የ15 ዓመት ልጅ ተገደለ» ይላሉ። ኢኬሜፉና 15 ዓመቱ የነበረው ሲመጣ ነው፤ ሲሞት 18 ገደማ ሆኖታል። ይህን የምለው ነገር ለመልቀም አይደለም። ሦስቱ ዓመታት ከተዘለሉ ምዕራፉ ትርጉም ያጣል። ኦኮንኮ ያረደው የሰው ልጅ ብቻ አይደለም። ለስብሰባ ሲሄድ በርጩማውንና የፍየል ቆዳ ከረጢቱን ተሸክሞ የሚከተለውን፣ በሆዱ የሚወደውን ግን አንድም ቀን ፍቅሩን ያላሳየውን ልጅ ነው።

ደሙን በተመለከተ፣ ምዕራፉን እንደገና ቢያዩት ደስ ይለኛል። ደም የለበትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሰው ገጀራውን ሲያነሳ ኦኮንኮ ፊቱን ያዞራል። እኛም አናይም፤ ድምፁን እንሰማለን። ልጁ የተሸከመው የዘንባባ ወይን ማሰሮ አሸዋው ላይ ወድቆ ይሰበራል። ከዚያ ጥቂት መስመር ነው። አለቀ።

ታዲያ ልጅቷን የረበሻት ምንድን ነው? ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ይመስለኛል። ኢኬሜፉና እየሄደ ስለ እናቱ ያስባል። በሕይወት ትኖር ይሆን? በልጅነቱ የሚያውቀውን ዘፈን በሆዱ ይዘፍንና እርምጃውን ከምቱ ጋር ያስኬዳል። ዘፈኑ በቀኝ እግሩ ካለቀ እናቱ አለች። በግራ ካለቀ ሞታለች። ኧረ ሞታስ አይደለም፣ ታማለች ይሁን። በቀኝ አለቀ። ደስ አለው። ደገመው፤ በግራ አለቀ። ሁለተኛው ግን አይቆጠርም ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ያለ ጨዋታ በልጅነቱ ከራሱ ጋር ያልተጫወተ ማነው? አቼቤ ልጁን በደንብ ካስተዋወቀን በኋላ ነው የሚወስድብን።

ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ከዚህ በጣም የባሰ ነገር ያያሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያለፉት ዓመታት የአገራችንን ሁኔታም መዘርዘር አያስፈልግም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሟች ግን ስም የለውም። እናቱን እያሰበ ይሁን አይሁን አናውቅም። ጣት ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ቀጣዩ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ግን መጨረሻው ላይ ወረቀት የሚገልጥ እንኳ ይጠፋል። ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንዱ ተማሪ «ቆይ፣ ለምን ወደ ኦኮንኮ ሮጠ? ጫካው እያለለት!» አለ። ከኋላ አንዷ «ሌላ ማንን ያውቃል?» አለችው። የቀረው ክፍለ ጊዜ በዚህ አለቀ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። ምዕራፉን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዱብ ማድረግ አግባብ አይደለም። ሰው የሞተበት ተማሪ ይኖራል። አስተማሪ ቀድሞ ሊያውቅ፣ ቀድሞ ሊናገር ይገባል። ሌላም አለ፦ ምዕራፉን ብቻ ነጥሎ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚያስነብብ አስተማሪ አይጠፋም። እሱ ጥፋት ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አፍሪካን ያዋርዳል የሚለው ክስ ደግሞ በጣም ይገርመኛል። መጽሐፉ የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ንዴት ነው። አቼቤ ኢባዳን በነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ ክፍል ውስጥ ጆይስ ኬሪ የተባለ ደራሲ ስለ ናይጄሪያ የጻፈው «ሚስተር ጆንሰን» እንዲነበብ ተሰጠ። ፈረንጆቹ ያደነቁት መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቹ ግን አልተዋጠላቸውም። አቼቤ ራሱ ኋላ እንደተረከው፣ አንዱ የክፍል ጓደኛው ተነስቶ ከመጽሐፉ ደስ ያለኝ ጆንሰን በእንግሊዛዊ ጌታው ጥይት የተገደለበት ቦታ ብቻ ነው አለ። መምህራቸው ክው አሉ። አቼቤ የራሳችንን ታሪክ ራሳችን ካልነገርነው ብሎ እንዲያስብ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ወገኑን ለማዋረድ አይጽፍም። ለማስዋብም አልጻፈም። መንታ ሲወለድ ጫካ እንደሚጣል አልደበቀም። ጉዳይ የሚዳኝበትን ሥርዓት፣ ማዕረግ የሚገኝበትን መንገድ፣ ንጉሥ የሌለው ሕዝብ እንዴት እንደሚተዳደር ያሳየናል፤ የሚያሳፍረውንም አብሮ ያሳየናል። ደግሞ ኦኮንኮን ማን እንደነቀፈው እንይ። ነጭ ነው? እዚህ ምዕራፍ ላይ ነጭ ኡሙኦፊያን ገና አልረገጠም። የነቀፉት የኡሙኦፊያ ሰዎች ናቸው።

ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። «ኦኮንኮ አምላኩን ታዘዘ» የሚለው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ አንድ ሰው ዘለዋል። ኤዜኡዱን።

ኤዜኡዱ በዚያ አካባቢ በዕድሜ አንጋፋው ሽማግሌ ነው። በጉብዝናው የተፈራ ጦረኛ ነበር። ኦኮንኮ፣ ንዎዬና ኢኬሜፉና ተቀምጠው ሲበሉ ይመጣል። ኦኮንኮን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ልጆቹ በማይሰሙበት፣ «ያ ልጅ አባቴ ይልሃል። በሞቱ እጅህን አታስገባ» ይለዋል። ኦኮንኮ ሊመልስ ሲል ሽማግሌው ይቀጥላል። ውሳኔው መውጣቱን፣ ከመንደር ውጭ እንደሚገድሉት ይነግረዋል። አንተ ግን ከነገሩ ውጣ፣ አባቴ ይልሃል ብሎ ይደግምለታል።

በቃ። የኦኮንኮ ትእዛዝ ይህ ነበር። ማንም ሂድ አላለውም። የሄደው በራሱ ነው። ሁለተኛውን ምት የመታውም በራሱ ነው፤ ሌላ ገዳይ ሞልቶ ነበር። ለምን መታ? አቼቤ ለግምት አልተወውም፤ ደካማ እንዳይባል ስለፈራ ነው ይለናል። አምላክ የሚባል ነገር እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። «ሰው ምን ይለኛል» ነው ያለው። ይህን የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ምዕራፉ የሩቅ አገር ታሪክ ይሆንልን ነበር።

አብርሃምን ያነሱት እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ልከተላቸው። ዘፍጥረት 22 ላይ አብርሃም ራሱ እንዲሠዋ ታዟል። ኦኮንኮን ግን ግደል ብሎ ያዘዘው የለም። አብርሃም ቢላዋውን ሲያነሳ «እጅህን በብላቴናው ላይ አትዘርጋ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ቆመ፤ በጉም ቀረበ። ለኦኮንኮ ይኸው ድምፅ ቀድሞ መጣለት፣ ያውም ቤቱ ድረስ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሰማና ሄደ። ንጽጽሩ ኦኮንኮን ነጻ ያወጣዋል ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል፤ ጭራሽ ያስጨንቀዋል። እንዲያውም አቼቤም አብርሃምን ያሰበ ይመስለኛል። ንዎዬ ኋላ አባቱን ትቶ ከሚሲዮናውያን ጋር ይቀላቀላል። 21ኛው ምዕራፍ ላይ የክርስትና ስሙን እንሰማለን፦ ይስሐቅ። የአቼቤ አባት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ስለነበሩ ስሙ ዝም ብሎ የወጣ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

«በዛሬ ሚዛን አትፍረዱ» ለሚለው ደግሞ መልሱ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ተቀምጧል። ኦኮንኮ ከግድያው በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሲጠጣ ከረመ። ከዚያ ወዳጁ ኦቢየሪካ ጋ ሄደና ለምን አብረኸን አልመጣህም አለው። ተከራከሩ። ኦቢየሪካ ያደረግኸው የምድርን አምላክ ደስ አያሰኛትም፣ ዘር የሚያስጠፋ ነገር ነው አለው። ኦኮንኮ በተረት መለሰ፦ እናቱ መዳፉ ላይ ያኖረችለት ትኩስ ቦዬ የልጅን ጣት አያቃጥልም። የኦቢየሪካ መልስ መጽሐፉ ውስጥ ከምወዳቸው ንግግሮች አንዱ ነው። እውነትህን ነው፤ ግን ልጄ ይገደል የሚል ቃል ቢመጣ አልከራከርም፣ ገዳዩም አልሆንም አለው።

ይህ የዛሬ ሚዛን ነው? የምዕራብ ሰው ሚዛን ነው? ኦቢየሪካ በዚያው አምላክ የሚያምን፣ በዚያው ሥርዓት የኖረ፣ ጎረቤቱ ነው። እንግዲህ እኔ ክፍል ውስጥ የምፈርድበት ሚዛን ካለ የኦቢየሪካ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመን። ኦቢየሪካም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «አልከራከርም» ብሏል። ልጁ እንዲሞት የወሰነው ኦኮንኮ ሳይሆን ኡሙኦፊያ ነው፤ ኤዜኡዱም ቢሆን ልጁን ለማዳን አልሞከረም። ጸሐፊው ሸክሙ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አይጣል ሲሉ፣ እስከዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። ንዎዬም ከአባቱ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ነው የራቀው። አባቱ ማታ ሲገባ ኢኬሜፉና መገደሉን ወዲያው አወቀ፤ ውስጡ አንዳች ነገር ተበጠሰ። ያኔ ትዝ ያለው ከእርሻ ሲመለሱ ጫካ ውስጥ ሲያለቅስ የሰማው ሕፃን ነው። ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ ንዎዬን የማረከው መዝሙራቸው እንጂ ስብከታቸው አልነበረም።

ከገዳዮቹ ውጭ ያሉትንም እንይ እስቲ። ንዎዬ እናቱ ጎጆ ሲገባ እናቱ በርበሬ እየወቀጠች ነበር። ኢኬሜፉና ወደ አገሩ ሊሄድ ነው አላት። ዘነዘናውን ጣለችው። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ «ምስኪን ልጅ» አለች። ገብቷታል። ማንም ግን አልጠየቃትም።

አሁን አንበጣው። ጸሐፊው «ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ማስረዘሚያ» ብለውታል። ለኛ ሰው እንዲህ ቢመስል አልፈርድም። እኛ አገር አንበጣ ማለት መቅሠፍት ነው። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲወርድ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ነበር የሚያባርረው። ኡሙኦፊያ ላይ ግን አንበጣ ሲመጣ ሕዝቡ በደስታ ይጮሃል። የመጣው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ የሚበላው የዱር ሣር ነው። ሰዉ ማታ ወጥቶ ይለቅመዋል፣ በሸክላ ይቆላዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከዘንባባ ዘይት ጋር ይበላዋል። ኤዜኡዱ ያንን ክፉ ወሬ ይዞ ሲገባ አባትና ልጆቹ እየተደሰቱ ሲቆረጥሙ የነበረው ይህንኑ አንበጣ ነው። ከዚያ የተሻለ ቀን ቤተሰቡ አላየም። ደግሞ 15ኛው ምዕራፍ ላይ የሌላ ጎሣ አምላክ ስለ ነጮች ሲናገር አንበጣ ናቸው ማለቱን እንሰማለን። ያኔ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ያ ሁሉ እልልታ ለምን እንደተጻፈ ይገባናል። ማስረዘሚያ ነው ለማለት መጽሐፉን እስከ 15ኛው ምዕራፍ መታገስ ይጠይቃል።

«የራሳችን መጻሕፍት» ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ይነበቡ እንጂ! በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያስነብብ ትምህርት ቤት ካለ ልጄን እዚያ አስገባ ነበር። (የአቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ የሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. መታተማቸው ሁሌ ፈገግ ያሰኘኛል፤ በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ፣ ሽፋናቸው ላይ ግን እኩዮች ናቸው።) አንዱ ሌላውን የሚያስወጣበት ምክንያት ግን አይታየኝም። ጉዱ ካሣን የሚያውቅ ተማሪ ኦቢየሪካን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱም እዚያው ወገናቸው መሀል ሆነው ወገናቸውን የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የግድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ከለንደን ጭጋግ ይልቅ ገጀራና ዘነዘና ያለበት መንደር ለተማሪዎቼ ይቀርባል።

የመጨረሻው ሐሳብ ማጠቃለያ ይበቃል የሚለው ነው። ማጠቃለያው እኮ ከላይ አለ፤ እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። «ጫካ ወሰዱት፣ አንዱ መታው፣ ኦኮንኮ ጨረሰው።» ያንን አንብቦ የተረበሸ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዘፈኑ የለም፣ ቀኝና ግራ እግሩ የለም፣ በርበሬ የምትወቅጠዋ እናት የለችም። ኤዜኡዱም የለም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ኦኮንኮ የታዘዘ ሰው ይመስላል። ጸሐፊው ኤዜኡዱን የዘለሉት ማጠቃለያ ስላነበቡ ነው እንዳልል፣ ምዕራፉን አንብቤያለሁ ብለዋል፤ አምናቸዋለሁ። ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ተማሪ ግን እሳቸው የደረሱበት መደምደሚያ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ማጠቃለል የሚወድ ሰው መጽሐፉ ውስጥም አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዢ ኦኮንኮ ራሱን ሰቅሎ ያገኘዋል። ሊጽፍ ያሰበው መጽሐፍ አለው። ስለዚህ ሰው አንድ ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል ብሎ ያስባል። ከዚያ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ምዕራፍ እንኳ ይበዛል፣ ደህና አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የኦኮንኮን ሕይወት 25 ምዕራፍ ሙሉ ያነበበ ተማሪ እዚህ ሲደርስ የሚናደደውን ንዴት አይቻለሁ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲዘጉ መጽሐፉን ከልጃቸው እንደወሰዱባት ይናገራሉ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ማለት ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያድለው አስተማሪ ከሚያጠፋው ጥፋት የሚለየው ምኑ ነው? ልጅቷ ኦኮንኮ እህል አስጠልቶት ሲከርም አላየችም። ኦቢየሪካን አልሰማችም። 13ኛው ምዕራፍ ላይ በዚያው በኤዜኡዱ ቀብር የኦኮንኮ ጠመንጃ ፈንድቶ የሟቹን የ16 ዓመት ልጅ እንደሚገድል፣ ኦኮንኮም ለሰባት ዓመት ከአገሩ እንደሚሰደድ አታውቅም። አሁን በእጇ ያለው የተገደለው ልጅ ብቻ ነው። መጽሐፉን ይመልሱላት። ስምንተኛውን ምዕራፍ ከፈለጉ አብረው ያንብቡት፤ አጭር ነው።